የማንም ያልሆነ ድስት

1

ማማሰያው ገባ።

ወጣ።

በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ገባ፣ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ወጣ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ስለዚች አንድ ዙር ነው። የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ማቆም ይችላል፣ አልቀየመውም። ያልቸኮለ ደግሞ ወገቡን የሚያሳርፍበት ነገር ፈልጎ ይቀመጥ፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ሰዎች በሙሉ ደክሟቸዋል፣ ድካም ደግሞ ይጋባል።

2

ቦታው።

ብሎክ አሥራ አራት። ኮንዶሚኒየም ነው። አዲስ አበባ ዳር፣ ታክሲው «መጨረሻ!» ብሎ ካራገፈን በኋላም ትንሽ በእግር የሚያስኬድ። እዚህ ጎረቤቱን መርጦ የመጣ ሰው የለም። ዕጣ ነው የጣለን። ጋሞው ከስልጤው በላይ፣ ኦሮሞው ከአማራው ጎን፣ ትግሬው ከወላይታው ትይዩ፣ ኮምፒውተር እንደ ካርታ በውዞ በትኖን ነው።

ቴሌቪዥን ላይ «ተከባብሮ የሚኖር ሕዝብ» ሲባል የሚያሳዩት የሚጨፍር ሰው ነው። እኛ ብሎክ ጭፈራ የለም። ደረጃ ነው ያለው። ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው ሲያለከልክ ብሔሩ አይታወቅም።

(«እዚህ ማን ከየት እንደመጣ ማንም አይጠይቅም» ብዬ ጽፌ ነበር። ውሸት ነው፣ ይጠይቃል። በተለይ አንደኛ ፎቅ ያሉት። ሰረዝኩት።)

ከብሎኩ ጀርባ ኮሚናል የምንለው ቤት አለ። የጋራ ነው። በግ የሚታረደው፣ ድግስ የሚበሰለው፣ የእድሩ ድንኳንና ወንበር የሚቀመጠው እዚያ ነው። ግድግዳው ጥላሸት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ አንድ።

በሩ አንድ መሆኑን ያዙልኝ።

3

ሰዎቹ።

ዝናሽ። የእድሩ የምግብ ኃላፊ። ከጋሞ ነው የመጣችው፣ ክርስቲያን ናት፣ ጉልበቷን ያማታል። ሰው በሞተ ቁጥር በሯ የሚንኳኳው ከቄሱም ከሼኩም በፊት ነው። «እትዬ ዝናሽ፣ እገሌ አረፈ» ሲሏት መጀመሪያ «እግዚኦ» ትላለች፣ ቀጥላ «ሽንኩርት አለ?» ትላለች።

ሩቂያ። ሁለተኛ ፎቅ። ሙስሊም ናት፣ ከስልጤ። ኮሚናል ውስጥ የሙስሊሙ ድስት የእሷ ነው። ከዝናሽ ጋር ጎን ለጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስንቱን ሬሳ በሽንኩርት እንባ እንደሸኙ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። አንዷ «ሩቂ» ትላለች፣ አንዷ «ዝኑ»።

አቶ ሽብሩ። የእድሩ ሊቀመንበር። ጡረተኛ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ አደራችሁን ክፉ አድርጋችሁ አታንብቡት። ድካም ብቻ አይወድም፣ የራሱንም የሰውንም። «ለምን እንለፋለን?» የሚለው ነገር ከአፉ አይጠፋም።

ጋሽ ኦርዶፋ። ከአምቦ ነበር። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር።

ነበር።

4

የሁለት ድስት አሠራር (ለጀማሪ)።

ሙስሊም ሙስሊም ያረደውን ይበላል፣ ክርስቲያን ክርስቲያን ያረደውን። ይህን የማያውቅ አንባቢ ካለ ከየት እንደመጣ ይንገረኝና ልጠይቀው እመጣለሁ። ስለዚህ፦

ሁለት ቦታ ጉልቻ ትጎልቻለሽ። መሃላቸው አንድ ሰው የሚያልፍበት ያህል ክፍት ትተያለሽ። ሁለት ድስት ትጥጃለሽ። ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት ጭልፋ። ሁለት ማማሰያ፤ የሙስሊሙ እጀታ ላይ አረንጓዴ ክር ይታሰራል። ማማሰያ እንጨት ነው። እንጨት ደግሞ ይጠጣል። ብረቱን ታጥቢዋለሽ፣ እንጨቱን ግን አንዴ ከጠጣ በኋላ ምንም ብታደርጊው አይተፋም።

ሦስተኛ ትንሽ ድስት ላይ ሽሮ ትሠሪያለሽ፣ በዘይት። ሥጋ ለማይስማማውና ስለት ላለበት።

ሲያልቅ ሁሉንም ታጥቢያለሽ። ለየብቻ። በየብቻው ውሃ። ውሃ ከሌለ ከታች ትቀጃለሽ።

ከዚያ ትተኛለሽ። ከዚያ ሌላ ሰው ይሞታል።

አንድነት ሲባል እኔ የሚታየኝ ይኼ ነው። የሚታጠብ ዕቃ።

5

አደራሽን።

6

ይህች ቃል ለብቻዋ የተጻፈችው ወረቀት ስለተረፈኝ አይደለም። ሩቂያ የምትላት ቃል ናት።

ቀትር ላይ የዙሁር አዛን ሲሰማ ሩቂያ እጇን ትለቃለቃለች፣ ሻርፗን ታስተካክላለች፣ ልትሰግድ ወደ ቤቷ ትወጣለች። ድስቱ ያን ጊዜ እሳት ላይ ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ትዞርና አንድ ቃል ትላለች። ዝናሽም «ሂጂ ባክሽ» ትላታለች። ሌላ ፊርማ የለም፣ ማኅተም የለም። የብሎኩ ሙስሊም በሙሉ ከዚያ ድስት ሲበላ ጠይቆ አያውቅም። «ሩቂያ ነበረች?» አይልም። «ዝናሽ አለች» ከተባለ ያው ነው።

ዝናሽ ይህን ታውቃለች። ስታውቀው ትኮራለች። ስትኮራ ደግሞ ጉልበቷ ይበልጥ ያማታል፣ ምክንያቱም የሚታመን ሰው መቀመጥ አይችልም።

7

ስለ እሑዱ ስብሰባ።

አቶ ሽብሩ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፦ እድሩ ለሁለት ይከፈል። የሙስሊሙ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ። «ማንም ማንን አልጠላም፣ ፍቅራችን እንዳለ ነው» አለ። «ዕቃው ነው የሚለየው። እነዚህን ሴቶች እዩአቸው እስቲ፣ አለቁ እኮ!» በእጁ ወደ ዝናሽ አመለከተ። እሑድ እጅ ወጥቶ ሊወሰን ተቀጠረ።

ሩቂያ ሲወጡ ደረጃው ላይ፣ «ዕቃው ሲለያይ እኛስ?» አለች።

ዝናሽ፣ «እኛማ እኛ ነን» አለቻት።

ለማንም ያልተናገረችውን ግን እኔ ልንገራችሁ፣ ማንም ስለማይሰማን። ዝናሽ እሑድ እጇን ልታወጣ ነበር። ይለያይ ብላ። ከሩቂያ ጋር ቂም ኖሯት አይደለም። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ድስት አጥባ መተኛት አምሯት ነው።

8

ከስብሰባው በፊት ጋሽ ኦርዶፋ ሞተ። ተቀበረ። ሠልስቱ ደረሰ።

በሠልስቱ ጠዋት ሹፌሮቹ መጡ። ከአዋሽ፣ ከሚሌ፣ ከሎግያ። ከባድ መኪኖቻቸውን በአስፋልቱ ዳር ከነተሳቢያቸው ደርድረው፣ ሽርጥ የታጠቀውም ጂንስ የለበሰውም፣ ዓይናቸው በአቧራና በእንቅልፍ ቀልቶ ወደ ድንኳኑ ገቡ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ከፊት የመጣው ሁመድ የሚባል ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙ የሸበተ አፋር ነበር። ከጋሽ ኦርዶፋ ጋር አንድ መስመር ላይ ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው። የሟችን ሚስት፣ የእትዬ ጫልቱን እጅ ይዞ ብዙ ቆመ። ከዚያ ተቀመጠ።

የሙስሊሙ ድስት በአንድ ጊዜ ትልቁ ድስት ሆነ። ሁለት በግ ተጨመረ። የሩቂያ ወንድም አረደ፣ ሩቂያ ቆማ አሳረደች።

«ከምሳ በኋላ ተነሺዎች ነን፣ ጭነት አለብን» አሉ ሹፌሮቹ።

«ይደርሳል» አለች ዝናሽ። ከተኛች ሁለተኛ ቀኗ ነበር።

9

አዛን።

ሩቂያ ተለቃለቀች። ሻርፗን አስተካከለች። በሩ ላይ ዞረች።

አደራሽን።

«ሂጂ ባክሽ።»

10

እንግዲህ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ እኔም ቀስ ብዬ ልጽፍ።

ዝናሽ የክርስቲያኑን ድስት እያማሰለች ነው። ማማሰያው በእጇ ነው፣ ቀይ ወጥ ይንጠባጠብበታል። ጢሱ ዓይኗን ሞልቶታል። ከጎኗ ያለው ፍልጥ ተንሸራተተና እሳቱ በሙስሊሙ ድስት ሥር ቦግ አለ። ድስቱ ቷ ቷ አለ። ቀጥሎ ያ ሽታ መጣ። ወጥ የሠራ ሰው የሚያውቀው፣ ገና ሳያርር «ላርር ነው» የሚለው ሽታ።

የዝናሽ ጭንቅላት ገና ሽታውን እያሸተተ ነበር።

እጇ ሄደ።

አንድ ጊዜ ከሥር እስከ ላይ አዞረችው። ወጡ ተረፈ። አላረረም። «እፎይ» አለች።

ከዚያ የያዘችውን አየች።

ክር የለውም።

11

 

 

12

አሥራ አንድን ባዶ የተውኩት እሷም ባዶ ስለነበረች ነው።

ኮሚናል ውስጥ ማንም አልነበረም። ሌሎቹ ሴቶች እንጀራ ሊያወጡ ድንኳን ሄደዋል። በሩ አንድ ነው ብዬ አልነበር? በበሩ የገባ የለም።

አሁን አንቺ ዝናሽን ሁኚ። (አንተም ብትሆን ሁን፣ አትሞትም።) ወገብሽ እየተቆረጠ ነው። ድንኳን ውስጥ ከሌሊት ጀምሮ ሲነዱ የመጡ ሰዎች ምሳ ይጠብቃሉ። ሌላ በግ የለም፣ ቢኖርም ጊዜ የለም። ብትናገሪ የብሎኩ ሙስሊም ካሁን በኋላ «ዝናሽ አለች» አይልም። ብትናገሪ አቶ ሽብሩ እሑድን ዛሬውኑ አሸነፈ። ብትናገሪ ሩቂያ አንድ ቃል ብላ የምትወጣበት በር ይዘጋል።

ባትናገሪ ምንም አይሆንም።

ወጡ ያው ወጥ ነው። ቀለሙ ያው ነው። ይበሉታል፣ «እጅሽ ይባረክ» ይሉሻል፣ መኪናቸውን አስነስተው ይሄዳሉ።

ይኼ ነው የከበዳት። ምንም የማይሆን መሆኑ።

ዝናሽ ማማሰያውን ይዛ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ ናፈቃት። ድስት የሌለበት፣ ማንም የማያምናት አገር ሄዳ ብትተኛ ደስ ባላት።

13

ሩቂያ ስትመለስ (እኔ አንድም ቃል ሳልጨምር)፦

ሩቂያ፦ ጨው ቀመስሽልኝ? አይ፣ አንቺ የኔን አትቀምሺ፣ ረሳሁት። (ሳቅ)

ዝናሽ፦ ሩቂ።

ሩቂያ፦ ምነው? ፊትሽ አመድ መስሏል። ተነሽ በይ፣ ውጪና አየር ውሰጂ፣ እኔ እይዘዋለሁ።

ዝናሽ፦ ማማሰያው።

ሩቂያ፦ ምን ሆነ?

ዝናሽ፦ የኛው ማማሰያ ያንቺው ውስጥ ገባ።

ሩቂያ፦ ማን አስገባው?

ዝናሽ፦ እኔ ነኛ። ሊያርር ነበር። እጄ ሄደ፣ ሩቂ። እማምላክን፣ እኔ አላኩትም።

ሩቂያ፦

ዝናሽ፦ ስደቢኝ በቃ።

ሩቂያ፦

ዝናሽ፦ ስደቢኝ እንጂ!

ሩቂያ፦ እንግዶቹ ቁጭ ብለዋል?

ዝናሽ፦ ቁጭ ብለዋል።

ሩቂያ ክዳኑን አንስታ ድስቱ ላይ ገጠመችው። ቀስ ብላ ነው የገጠመችው፣ የተኛ ሰው እንደምታለብስ።

14

አቶ ሽብሩ ምሳው ለምን እንደዘገየ ሊያይ መጣ። ዝናሽ ነገረችው።

እዚህ ላይ «አላልኳችሁም!» ብሎ የሚጨፍር መስሏችሁ ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማን አይቷል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን አስለፈለፈሽ? የለቅሶ ቤት እኮ ነው! እንግዳ ፊት ልታዋርጂን ነው? ሩቂያ፣ አንቺም እንዳልሰማ ሁኚ። አንዴ ማዞር ምን አላት?»

ሩቂያ አላየችውም። «አንዴ ናት» አለች። «እኔ ግን አሁን ሰምቻለሁ፣ ጋሽ ሽብሩ።»

«እኔ የምለው እኮ…»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች ዝናሽ፣ ጉልበቷን ይዛ እየተነሳች። «ዞር በልልኝ፣ አሳልፈኝ።»

በሩ አንድ ስለሆነ ዞር አለላት።

15

ድንኳን ውስጥ።

የተናገረችው አጭር ነበር፣ ከዚህ የረዘመ አቅም አልነበራትም። «ወንድሞቼ፣ ይቅር በሉኝ። የእናንተ ድስት ተበላሽቷል። የክርስቲያኑ ማማሰያ ገብቶበታል። ሩቂያ ልትሰግድ ወጥታ ነበር፣ እሷ የለችበትም። እኔ ነኝ።»



 

ከዚያ አንድ ወጣት ሹፌር ለጓደኛው፣ «ባትነግረን አይሻልም ነበር?» አለ፣ ቀስ ያለ መስሎት። ጓደኛው በክርኑ ደቆሰው። ከእኛው ብሎክ አንድ ሙስሊም ጎረምሳ፣ «ይኸው! ምን ስንል ነበር?» ብሎ ተነሳ። ከእኛው ብሎክ አንድ ክርስቲያን ጎረምሳም፣ «እሺ፣ ምን ልትሆን ነው የተነሳኸው?» ብሎ ተነሳ። አቶ ሽብሩ በሁለቱ መሃል ገብቶ፣ «ለዚህ እኮ ነው እኔ ለየብቻ ይሁን ያልኩት» አለ። ሁሉም የየራሱን ቃል የሚናገርበትን ጊዜ ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ነበር።

ሁመድ እጁን አነሳ።

«እህቴ፣ ሽሮ የለም?»

«አለ» አለች ዝናሽ። «ትንሽ ናት።»

«ውሃ ጨምሪባት። ርቦኛል።»

አንድ ሰው ሳቀ። ለቅሶ ቤት ሲሳቅ እንደሚሆነው ሁለተኛው ሰው አፈረና እሱም ሳቀ። ጎረምሶቹ ቆመው ቀሩ። በኋላ፣ የሚያያቸው ሰው ሲያጡ፣ ተቀመጡ።

16

ሽሮው ቀጠነ። በጣም ቀጠነ። ሹፌሩም፣ የብሎኩም ሰው፣ ክርስቲያኑም ሥጋውን ትቶ ያቺኑ ሽሮ በላ። «አብሮ መብላት ደስ ይላል» ብዬ ልጽፍ አልችልም፣ እንደ ውሃ ነበረች። ግን ከአንድ ድስት ነበረች።

ሁመድ አፉን ሞልቶ ነው ያወራው፣ ስለዚህ የያዝኩትን ያህል፦

«ኦርዶፋ ወባ ያዘው፣ ሚሌ። ድሮ ነው፣ ልጆች ሆነን። እናቴ ቤት ወሰድኩት። ሰው አይለይም፣ ይቃዣል። ቤት ውስጥ የፍየል ወተት ነው ያለው፣ ሌላ ምን አለ? ልታጠጣው ቀና አደረገችውና፣ ‹ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?› አለችኝ። ረቡዕ አልኳት። ወተቱን መልሳ አስቀመጠች። ‹እነሱ ረቡዕ አይጠጡም።› ‹እማ፣ ራሱን እኮ አያውቅም!› አልኳት። ‹እሱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ› አለች። ስኳር በጥብጣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስታጠጣው አደረች። ሐሙስ ሲነጋ ወተት።»

እትዬ ጫልቱ ጥቁር ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፊቷን ያየነው ያን ጊዜ ነው።

«ለኔ በወተት ዳንኩ ነው ያለኝ!»

«በሐሙሱ ነዋ!»

«ቢሞትባትስ ኖሮ?»

«እሱም ሲነቃ ጠየቃት። ‹ብሞትስ?› አላት። ‹ጾምህን ይዘህ ትሞት ነበር› አለችው። ከዚያ ወዲያ እናቴን ‹ነፍሰ ገዳይዋ› እያለ ነበር የሚጠራት። በመጣ ቁጥር ስኳር ያመጣላት ነበር።»

እትዬ ጫልቱ ሳቀች። ስትስቅ አለቀሰች። የትኛው መቼ እንደጀመረ መለየት አይቻልም ነበር።

(አንባቢ ሆይ፣ ሁመድ ይህን ሲናገር ወደ ዝናሽ እንዲያይ አድርጌ ልጽፈው አስቤ ነበር። አላያትም። ሽሮ እየጨለፈ ነበር። ዝናሽም አልሰማችውም ይሆናል፤ ከድንኳኑ ውጪ ቆማ እንጀራ ትቆርጥ ነበር። ሩቂያ ግን ውስጥ ነበረች።)

17

ቀሪው ችግር፦ ድስቱ።

ሙስሊም አይበላው፣ የክርስቲያን ማማሰያ ገብቶበታል። ክርስቲያን አይበላው፣ ሙስሊም ነው ያረደው። ሁለት በግ፣ ያን ሁሉ ሽንኩርት፣ ያን ሁሉ በርበሬ ይዞ ክዳኑን ደፍቶ ኮሚናል መሃል ቁጭ ብሏል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል የማንም ያልሆነ አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነበር። ሰው ሁሉ እያየው ያልፋል። አቶ ሽብሩ ሁለት ጊዜ ገብቶ አየው፣ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ለአንድ ሰው አይነሳም። ትልቅ ነው፣ ሁለት ጆሮ አለው።

ዝናሽ አንዱን ጆሮ በጨርቅ ያዘች። ሞከረች። ወገቧ እንቢ አለ።

ሌላው ጆሮ ተነሳ።

ሩቂያ ነበረች። አልተያዩም። እየተንገዳገዱ፣ እየቆሙ፣ እያስቀመጡ፣ ከአጥሩ ጀርባ እስከ ጉድጓዱ ወሰዱት። «አንድ፣ ሁለት» ያለ የለም፣ እኩል ነው የደፉት። እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው።

የሰፈሩ ውሾች ሳይጠሩ መጡ። ሳይሰበሰቡ፣ ሳይወያዩ፣ እጅ ሳያወጡ በሉ።

«ድስቱን እኔ ልጠበው» አለች ዝናሽ።

«ተይው» አለች ሩቂያ።

ድስቱን ለብቻዋ ይዛ ሄደች።

18

ተይው።

19

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት።

ሩቂያ አልተጣላችም። ብትጣላ ይቀል ነበር። ደረጃ ላይ ሲገናኙ «ሰላም ነው?» ትላለች፣ «ሰላም ነው» ትባላለች፣ ያልፋሉ። «ዝኑ» አላለችም። «ሩቂ»ም አልተባለችም። ዝናሽ የራሷን ማማሰያ ሰብራ እሳት ውስጥ ጨመረችው፤ እሱም ከሌላው ወጥ ጠጥቷልና ለማንም አይሆንም። ክር ያለው ማማሰያ ኮሚናል ግድግዳ ላይ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ዝናሽ በዚያ በኩል ስታልፍ እንዳይነካት ትከሻዋን ትሰበስባለች።

የተናገረችው ስለከበዳት ነበር። ተናግራ አልቀለላትም። ይህን የሚያስረዳት ሰው ፈለገች፣ የለም። እኔም አላውቅም።

ቅዳሜ አቶ ሽብሩ ደረጃ ላይ አገኛት።

«ዝናሽ፣ ነገ ስብሰባው እንዳይረሳሽ። መቼም ካሁን በኋላ አንቺ እንኳ እጅሽን…»

«እስቲ ይንጋ።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ፣ ጋሽ ሽብሩ። አሁን አሳልፈኝ፣ ጀሪካኑ ከብዶኛል።»

ቤቷ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጇን አየችው። ነገ ይወጣ ይሆን? ለሁለት ድስት የማይታመን ከሆነ፣ አንድ ድስት አጥቦ ይተኛ ይሆን? እጅ መጀመሪያ ነው የሚሄደው፣ ማሰብ በኋላ ነው የሚመጣው።

20

የእሑዱ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፦

ስብሰባው አልተካሄደም። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት የመምህር ታከለ እናት ንጋት ላይ አረፉ። አጀንዳው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። ድንኳን ይተከል።

21

«እግዚኦ» አለች ዝናሽ፣ በሯ ሲንኳኳ። ቀጥላ፣ «ሽንኩርት አለ?»

22

ኮሚናል። ሁለት ጉልቻ። ሁለት ድስት። መሃላቸው አንድ ሰው የሚያልፍበት።

ሩቂያ መጣች። ዝናሽ፣ ሩቂያ ሌላ ሰው ይዛ የምትመጣ መስሏት ነበር፣ ድስቷን የምትጠብቅላት አንድ ልጅ፣ አንድ ዘመድ። ብቻዋን ነበረች። በርጩማዋን ያዘችና ከሁልጊዜው ቦታ አንድ ክንድ ራቅ አድርጋ ተቀመጠች። ምስማሩ ላይ ያለውን ማማሰያ አወረደች። ክሩ አርጅቶ ነበር፣ ፈታችው። ከኪሷ አዲስ አወጣች፣ አረንጓዴ፣ ደማቅ። እጀታው ላይ ጠምጥማ አሰረችው። አንዴ አሰረች፣ አየችው፣ ደገመች።

ሽንኩርት ላጡ። ሁለቱም አለቀሱ፣ በሽንኩርቱ።

«ደህና ሽንኩርት ነው» አለች ሩቂያ።

«ያቃጥላል» አለች ዝናሽ።

እርስ በርስ ከተነጋገሩት ከሥጋው ጋር የተነጋገሩት ይበልጥ ይሆናል። እሳቱ ተያያዘ። ሁለቱም ድስት መፍላት ጀመረ። ሌሎቹ ሴቶች እንጀራ ሊያወጡ ሄዱ።

23

አዛን።

ሩቂያ እጇን ተለቃለቀች። ሻርፗን አስተካከለች። ተነሳች። ወደ በሩ ሄደች። በሩ አንድ ነው።

ዝናሽ አልዞረችም። ማማሰያዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ሁለቱን እጆቿን ጉልበቷ መሃል አስገብታ ያዘቻቸው፣ እንዳይሄዱባት። ከጎኗ የሩቂያ ድስት ቷ ቷ ይላል።

እርምጃው በሩ ላይ ቆመ።

(ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማው ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ጠየቅኳቸው። አንዷ «ሂጂ ባክሽ፣ ሥራ አለብኝ» አለችኝ። አንዷ ሳቀችብኝ። ስለዚህ ቦታውን ትቼላችኋለሁ። ለአንድ ቃል ይበቃል። እናንተም ድከሙበት።)

«ዝኑ።»

«አቤት።»

«……………………»